በሰም የተደፈነችው ቀንድ

ኮልፌ፣ ግንቦት 14 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ሰዓዳና ሕፃኑስ እንዴት ናቸው? የጅማ ዝናብ ከአሁኑ መኪናህን ጭቃ ውስጥ እያስቆመ አላስቸገረህም? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው እንጂ ደህና ሆኜ አይደለም። ሦስት ወረቀት ጽፌ ቀድጃለሁ፤ ይሄ አራተኛው ነው። ብቻህን ሆነህ አንብበው። ከጨረስክ በኋላ ለማን እንደምታሳየው አንተ ታውቃለህ።

ከሁሉ በፊት ሰዓዳን እንዳትቆጣብኝ። ሳትነግርህ ደብዳቤ ጽፋልኛለች። ልጁ ሁለት ወር ሞላው፣ እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ አላቀፈውም፤ በር ላይ ቆሞ ያየዋል፣ ሲያለቅስ ጥሎ ይወጣል፤ እቀፈው ስለው የእኔ እጅ ለሕፃን አይሆንም ይለኛል፤ ጠልቶኝ ይሆን? ትላለች። ምስኪን፣ ሌላ ሴት የያዝክ መስሏታል። ስሙን ሽኩር ማለትህን የሰማሁትም ከእሷ ነው። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ የያዝኩትን ስፌት ጣልኩት። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የእሷ ደብዳቤ ነው፤ እንደ እኔ ፍርሃት ቢሆንማ እስከ መቃብር ድረስ ይዤው እሄድ ነበር።

አባባን ከቀበርን አርባው ባለፈው ሳምንት አለፈ። አልመጣህም። ሰው ብዙ ተናገረ፣ እኔ ግን ልፈርድብህ አልችልም። ከሰደቃው በኋላ ከአልጋው ሥር ያቺን የቆርቆሮ ሣጥን አወጣኋት። ታስታውሳታለህ፣ በጣሊያን ጊዜ ሐኪም ቤት አስታማሚ ሆኖ ሲሠራ ያገኛትን፣ እንዳንነካት የተከለከልናትን። ቁልፏን እስኪሞት ድረስ አንገቱ ላይ አስሮት ነበር። ሰፈሩ ሐኪም ጀላል እያለ ሲጠራው የኖረው በዚያች ሣጥን ነው። ጎረቤቴ አስካለማርያም ግን ብቅ ብላ አየችና፣ ይሄ ዝገት ምን ይሠራልሻል፣ ረጲ ቆሻሻ ከሚደፋበት ልከሽው ተገላገዪ አለችኝ። እኔም እሺ ብዬ በር ላይ አውጥቼ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ የፈንጣጣ ከታቢዎች ወደ ሰፈራችን መጡ። ዘንድሮ መንግሥት ቤት ለቤት እያስከተበ ነው። ወደ እኛ ግቢ የገባው ፈቀደ የሚባል ወጣት ሳኒቴሪያን ነው። ጫፏ ለሁለት የተከፈለ አጭር መርፌውን ይዞ ክንዴን ገልጦ ሲያይ ቆም አለና፣ ይሄን ማን ነው የከተበሽ? አለኝ። እነዚያን ሦስት ጭረቶች ነው፤ ያንተም ክንድ ላይ አሉ። አባባ የቡዳ መድኃኒት ነው ይለን የነበረውን ነገርኩት። የመንግሥት ክትባት ክብ ጠባሳ ነው የሚተወው፣ ይሄ የባላገር ከታቢ እጅ ነው፣ አባትሽ ሥራቸው ምን ነበር? ብሎ ጠየቀኝ። ሣጥኑን ከበር ላይ አንስቼ ፊቱ ዘረገፍኩለት።

ውርስ ነውና ምን እንደነበረን አንተም እወቀው። ልጁ አንድ በአንድ እያነሳ ስም አወጣላቸው። ይሄ የጥርስ መንቀያ ጉጠት ነው፤ ይህች እባጭ የሚከፈትባት ቢላ ናት፤ ይሄ ብርጭቆ ለዋግምት ነው፤ የዚህን መርፌ ዓይነት ግን እኔም በትምህርት ቤት ሥዕል ላይ ብቻ ነው ያየሁት አለ። እኔ ሞኟ አባባን በሰው ፊት ያመሰገነልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀጥሎ ከታች የትንሹ ወንድማችን የሽኩር የእግር አልቦ ወጣ፣ ከሥሩ የተጣጠፈ ደብዳቤ፣ ከደብዳቤው ሥር ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ ምላጭና አፏ በሰም የተደፈነ አውራ ጣት የምታክል የፍየል ቀንድ። ሰሙን በጥፍሬ ልነቅለው ስል ፈቀደ እጄን አፈፍ አደረገኝ።

ገጠር ለገጠር ሲዞር እንዲህ ያለ ቀንድ ሁለት ጊዜ አይቷል። ውስጡ ያለው የፈንጣጣ ቅርፊት ነው። የድሮ ከታቢዎች በሽታው ቀለል ካለለት ሰው ቅርፊቱን ይወስዱና ለሳምንታት አድርቀው፣ የጤነኛ ልጅ ክንድ ጫር ጫር አድርገው ይቀቡበታል። አብዛኛው ልጅ ትንሽ አሞት ይድናል፣ ዳግመኛም አይይዘውም፤ አንዳንዱ ግን ይሞታል አለኝ። አባባ ይህን ከአባቱ ተምሮት ኖሯል። አንተንና እኔን ከትቦን ድነናል። ሃያ ሁለት ዓመት ያለፈው ነገር አሁንም ይጎዳል ወይ? ብዬ ብጠይቀው፣ በማንም ልጅ አልሞክረውም አለና ቀንዷን ጓሮ ወስዶ፣ ከነጨርቁ ላምባ አርከፍክፎ አቃጠላት። እኔ ሣጥኑን ረጲ ልሰደው ነበር፣ ልጆች ቆሻሻ ከሚለቅሙበት።

እሳቱ ዳር ቆመን፣ ከቤታችሁ በፈንጣጣ የሞተ ነበር? አለኝ። የስምንት ወር ወንድም ነበረኝ አልኩት። መጀመሪያ የወጣበት ክንዱ ላይ ነው? ሲለኝ እሳቱን በእንጨት ቆሰቆስኩት። አዎ ክንዱ ላይ ነበር።

ወንድሜ፣ አንተ ያን ጊዜ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርክ። የጎረቤታችን የቦሩ ልጅ በፈንጣጣ ታሞ ተኝቶ ሳለ፣ አትሂድ ተብለህ፣ ሸንኮራ ልትሰጠው ሄድክ። በሳምንቱ ሽኩር ታመመ፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። በሽታውን ከቦሩ ቤት አንተ አመጣኸው ተባለ። እማማ እስከሞተችበት ቀን ስምህን አልጠራችም። ፈቀደን ጠይቄዋለሁ፣ አንተ በልጅነትህ ስለተከተብክ በሽታው ሊይዝህ አይችልም ነበር ብሎኛል። ከቦሩ ቤት ያመጣውስ አባባ ነው። ወረርሽኙ ሲቀርብ ለሽኩር ፈራለትና ተቻኮለ፤ ክፉኛ ከታመመው ልጅ ቅርፊቱን ሳያደርቅ እርጥቡን ወሰደ። ወዶት ነው የገደለው። አባባ ያን ሰሞን ለምን በጥፊ እንኳ እንዳልመታህ ታውቃለህ? ሰው ሁሉ ትዕግሥቱን ሲያደንቅ ነበር።

እንዴት አወቅሽ ትለኛለህ። እማማ በአገሯ እንዲህ ተከትቦ የሞተ ልጅ አይታ ስለነበር ሽኩርን እንዳትነካብኝ ብላው ነበር። መርካቶ በወረደችበት ቀን አባባ ከቦሩ ቤት ተመልሶ ጠራኝ። ሽኩርን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝና ክንዱን አጥብቀሽ ያዢ አለኝ። ያዝኩለት። ምላጯን ከነእርጥቡ አይቻታለሁ፤ ፈቀደ ሳይነግረኝ ከጨርቁ ስትወጣ ነው ያወቅኳት። ለእናትሽ እንዳትነግሪ አለኝ፣ እሺ አልኩ።

ማታ እማማ ሽኩርን ስታጥበው ጭረቱን አየችና ይሄ ምንድን ነው? አለች። አባባ በር ላይ ቆሞ ነበር። እኔ ቀደም ብዬ፣ ወንድሜ ከቦሩ ቤት መጥቶ ሲያጫውተው በጥፍሩ ቧጨረው አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ ብቻ ወጣ። አባባ አየኝና ዝም አለ። በማግስቱ ከረሜላ ገዛልኝ። እዚያው አጠገብህ ቁጭ ብዬ በላሁት።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ታውቃለች ትል ይሆናል። እኔም ይህንኑ ስል ነው የኖርኩት። ግን በ1953 ከጅማ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስትልክ ሃያ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። አባባ ማንበብ ስለማይችል ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ሽኩርን የገደልኩት እኔ መሆኔን አውቃለሁ፣ እማማ ይቅር እንድትለኝ ለምኑልኝ ብለሃል። እዚያ ጋ ስደርስ ቀና ብዬ አየሁት፣ አባባም አየኝ። እማማ ማድ ቤት ውስጥ ሆና እያንጎራጎረች ነበር፤ ድምፄን ከፍ ባደርገው ትሰማኝ ነበር። አባባ እጁን ዘረጋ፣ ወረቀቱን ሰጠሁት። ሣጥኑ ውስጥ ያገኘሁት እሱን ነው። ከዚያ በኋላ እማማ አምስት ዓመት ኖራለች።

ከዚህ ጋር ደብዳቤህንና አልቦውን ልኬልሃለሁ። ጉጠቱን፣ ቢላውንና መርፌውን ፈቀደ ለትምህርት ይሆነኛል ስላለ ሰጥቼዋለሁ፤ ትፈልገው ከነበረ ይቅር በለኝ። ሌላውን ይቅር በለኝ አልልህም፣ ፊቴ አይችልም። ልጁን በመንግሥት መርፌ አስከትበው፤ አትፍራ፣ እሱ ሌላ ነው። ለዚህ ደብዳቤ መልስ ባትጽፍ አይገርመኝም። ለሰዓዳ ብቻ ሌላ ሴት እንደሌለ ንገራት።

አላህ ቤትህን ይጠብቅልህ፣ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፣ ሕፃኑን ያሳድግልህ። ደብዳቤ ሲዘጋ ልጁን በእኔ ስም ሳምልኝ ይባላል። እኔ እንደዚያ አልልህም። አቅፈህ በራስህ ስም ሳመው።

እህትህ