በር ላይ «ጎረቤቴ ነው» ያልኩት ወንድማችን

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለጋሼ ታዲዮስ፣

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ሱቅ ውስጥ ቆመህ ስትውል የሚያብጠው እግርህ ተሻለህ? ባለቤትህ ትጊስ እንዴት ናት? ልጆቹ አማርኛቸውን ሳይረሱ እያደጉ ነው? እኔና ልጄ ትንሳኤ፣ ጌታ ይመስገን፣ በጤና አለን። አባባም የቡሌ ብርድ ጉልበታቸውን ቢይዛቸውም አሁንም እሑድ እሑድ በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ሁላችን ደህና ነን ብዬ ደብዳቤውን እዚህ ላይ ባጥፈው ደስ ባለኝ።

በደወልክ ቁጥር ስለ ጴጥሮስ ስትጠይቀኝ «ደህና ነው፣ ስንቁን አደርስለታለሁ» እያልኩ ቶሎ ወሬ እቀይር ነበር። ስልክ ጆሮው ስለበዛ ብቻ እንዳይመስልህ። ድምፅህን እየሰማሁ መናገር አፍሬ ነው። ለእረፍት መጥቶ የነበረው ጫላ ነገ ወደ እናንተ ስለሚበር በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። ስታነበው ፊትህን ስለማላይ ይሻለኛል።

ጴጥሮስ የታሰረው፣ እንደሰማኸው፣ በስብሰባ መሐል ተነስቶ «ከመንደራችን የተወሰዱት ልጆች የት እንዳሉ ይነገረን» ስላለ ነው። ተማሪዎቹ ነበሩ፤ መምህራቸው ካልጠየቀ ማን ይጠይቅ? ከቡሌ አውርደው እዚህ ዲላ ሲያስሩት አባባ «ተመስገን፣ እህቱ ደጃፍ ነው» አሉ። የጴጥሮስን ጨጓራ ታውቀዋለህ፤ ያገኘውን ሁሉ አይችልም። እኔም የቡላ ገንፎ አገንፍቼ ስንቅ ማመላለስ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ቀን ጠባቂው «ቅመሺ» አለኝ። ለታሳሪ ምግብ የሚያስገባ ሁሉ በር ላይ አስቀድሞ ራሱ ይቀምሳል። ቀመስኩ። ገንፎው ከጉሮሮዬ ሳይወርድ «ምንሽ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚያው ጠዋት የቢሮ አለቃችን ሰብስቦን፣ ለእነዚያ እስረኞች ስንቅ የሚያመላልስ ዘመድ ያለው ሥራውን ያስብበት ብሎን ነበር። እኔ ደግሞ የኮንትራት ሠራተኛ ነኝ። «ጎረቤቴ ነው» አልኩት። ማንም ዱላ አላነሳብኝም፣ ጋሼ። ረጋ ብዬ ነው ያልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ በዚያው ጎረቤት ተብዬ ተመዘገብኩ።

ጌታውን የካደው ጴጥሮስ ነበር፤ በእኛ ቤት ግን ጴጥሮስ ታስሮ የካድኩት እኔ ሆንኩ። የመጽሐፉ ጴጥሮስ እንኳ ወዲያው ወጥቶ አምርሮ አለቀሰ። እኔ ሳህኔን ይዤ ቢሮ ተመለስኩ፤ ምሳዬንም በላሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መጠየቅ ተፈቀደና አገናኙን። ልስመው ስጠጋ እጁን ብቻ ዘረጋልኝ። «ወይዘሮ ሙሉካ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ለጎረቤት ይህን ያህል መድከም!» አለኝ። ያልኩትን ማን እንደነገረው አላውቅም። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ ቢቆጣኝ በቀለለኝ። ግን ሊያድነኝ ነበር የፈለገው። የሁላችን ታናሽ፣ ወንዝ ስንሻገር በጀርባዬ አዝለው የነበረው ልጅ ያን ቀን ገመናዬን ሸፈነልኝ። እኔም ጨበጥኩትና ወጣሁ።

ባለፈው ሳምንት ከቤተሰብ በቀር ማንም ስንቅ አያስገባም የሚል ትእዛዝ መጣ። ጠባቂው «አንቺ ጎረቤት ነሽ፣ ተመለሺ» አለኝ። «ወንድሜ ነው! የአንድ እናት ልጆች ነን!» ብዬ ጮህኩ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ያን ሰዓት ሥራዬም አልታየኝም። የአባታችን ስም አንድ መሆኑን እንዲያይ መታወቂያዬን ባወጣ «በዚህ አገር ስንቱ ጅግሶ ነው!» ብሎ ሳቀብኝ። ብለምነው ጊዜ ግን ገብቶ ጠየቀልኝ። ተመልሶ መጥቶ፣ «እዚህ ከተማ እህት የለኝም፤ ደግ ጎረቤት ናት፣ አታስቸግሯት ብሏል» አለኝ። አሁንም ሥራዬን እየጠበቀልኝ መሆኑ ነው። ገንፎውን ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። አብሮት ታስሮ የተፈታ አንድ ሰው፣ የበላው አልረጋ ብሎት ሲያስመልሰው እንደሚያድር ነገረኝ።

ጠባቂው የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባትየው ራሳቸው መጥተው «ሁለቱም ልጆቼ ናቸው» ካሉ ያስገባኛል። አባባ ግን የሆነውን አያውቁም። ባለፈው እሑድ በጉባኤው መሐል ተነስተው፣ «ሴት ልጄ ወንድሟን እያበላችልኝ ነው» ብለው ጌታን አመሰገኑ አሉ። ይህን ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ሁለት ጊዜ ወደ ቡሌ ልሄድ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ መኪናው ሲሞላ ተመልሻለሁ።

እውነቱን ልንገርህና እስክሪብቶ ያነሳሁት አንተ ደውለህ እንድትነግርልኝ ልለምንህ ነበር። እስከዚህ ስጽፍ ግን ራሴን ታዘብኩት። ያን ቀን ወንድሜ ነው ማለት አቃተኝ፤ ዛሬ ደግሞ ክጄዋለሁ የሚልልኝ ሰው ፍለጋ ወጣሁ። ስለዚህ አትንገርልኝ። ነገ በማለዳ ቡሌ እወጣለሁ፤ ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ አባባ ከእኔው አፍ ሰምተዋል። ይቆጡኝ፣ ይርገሙኝም፤ ብቻ መጥተው በሩ ላይ ይቁሙልኝ። አንተ በኋላ ደውለህ አጽናናቸው እንጂ ስለ እኔ አታማልድ።

ለትጊ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ኤልሮኢንና ሃሌሉያን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ ትንሳኤም ስማቸውን እየጠራች ሰላም ትላቸዋለች። አባባ በየጸሎታቸው ያነሱሃል። ጴጥሮስም ሰላም ብሎሃል ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ለጎረቤት የቤተሰብ ሰላምታ አይላክም።

የአንተም፣ የጴጥሮስም እህት
ሙሉካ ጅግሶ

ዲላ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.