ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ነው የሚኖረው?

ውድ ሮቤራ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ደህና ነን። አባቴም ደህና ነው፤ ሳሉ ቀንሶለታል።

ባለፈው ሳምንት የላክህልኝን መልእክት አንብቤዋለሁ። ማንበቤን ስልኩ ነግሮሃል፤ ዝም ማለቴን ግን ኩራት አታድርግብኝ። «አባትሽም ይምጡ፤ እችለዋለሁ። ካቆምንበት እንቀጥል» ላልከው ነገር በስልክ አጭር መልስ መስጠት አስጠላኝ። እንዲህ ያለው ነገር ወረቀት ይፈልጋል። ደብዳቤውን እህትህ ቢፍቱ ታደርስልሃለች። እንዳትከፍተው አስምያታለሁ፤ ብትከፍተውም ግን አልቀየማትም።

ለመልሱ ከመድረሴ በፊት አንድ ወሬ ልንገርህ። ወለል የሚጠርገውን ሮቦት ገዛሁት። ቅዳሜ ከሥራ መልስ ሳሪስ ሄጄ፣ ያኔ አብረን ከገባንበት ከዓሊያ ሱቅ። «የቱን?» እንደምትል አውቃለሁ። ትንሽ ታገሥ።

አንዳንዱ ሰው ሚስት ሲመርጥ የማያደርገውን ጥናት አንተ ለወለል መጥረጊያ አድርገኸዋል። ያን ሰሞን ሚኒባስ ውስጥ በሰው ተጣብቄ ስልኬ ይጮሃል፤ ስከፍተው አንድ ፈረንጅ ምንጣፍ ላይ ዱቄት ደፍቶ ሮቦት ያስጠርጋል። እቤት ሳልደርስ ደግሞ ትደውልና «አየሽው? ጥጉን ትቶታል እኮ» ትለኛለህ። ካሜራ ያለው፣ የቤቱን ካርታ የሚሥለው፣ እርጥብ ጨርቅ የሚጎትተው፣ እንደ ሰካራም ግድግዳ እየገጨ የሚዞረው፣ ሁሉንም በስም አወቅኳቸው። እኔ የፈለግሁት አቧራውን አየር ላይ ሳይበትን እንዲውጠው ነበር፤ ከዚያ ደግሞ እንዳይናገር። «ቤቴ ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚያዘኝ ነገር አልፈልግም» ስልህ እንባህ እስኪወርድ ሳቅክ።

ሠርጋችን ለጥር ተቆርጦ ነበር። ገላን ኮንዶሚኒየም ባለ ሁለት መኝታውን ቤት ቀደም ብለን የተከራየነውም ለዚያ ነው። ምድር ቤት ካልሆነ ብዬ ድርቅ ያልኩት እኔ ነኝ። ምድር ቤቱን ደግሞ ታውቀዋለህ፤ በጋ ሲሆን የከባድ መኪናው አቧራ በመስኮት ብቻ ሳይሆን በግድግዳም የሚገባ ነው የሚመስለው። ጠዋት የጠረግሁት ወለል ከሰዓት በኋላ በጣት ስም ይጻፍበታል። ወለሉ ላይ ውሃ እየረጨሁ ስጠርግ አየኸኝና «ይሄማ የሮቦት ሥራ ነው» አልክ። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነበር።

ዓሊያን ገና ስናገኛት ወደድኳት። ሌላው ሻጭ ሁሉ ስለ ዕቃው ሲያወራ እሷ ስለ ቤታችን ጠየቀችን። ከባንኮኒው ሥር አንድ ብልቃጥ ጤፍ አወጣችና ወለሉ ላይ በተነችው።

«ፈረንጅ በፈለገው ይሞክር፤ የኛ ቤት ፈተና ጤፍ ነው። ጤፍ የለቀመ ሌላው አያቅተውም» አለች።

ሦስቱን ሮቦቶች ለቀቀቻቸው። አንተ ተንበርክከህ፣ አንገትህን ወደ ወለሉ አዝምመህ፣ የትኛው ጥጉን እንደሚተው ትከታተላለህ፤ ጠፍጣፋው ሲያልፍ «ይሄ ነው!» ትለኛለህ። ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ነግሬህ አላውቅም። ሱሪህ ጉልበቱ ላይ ጤፍ ተጣብቆበት ሳይህ፣ ይህን ሰው ላገባው ነው ብዬ በጣም ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ እያየህ መሆኑን ረስተኸው ነበር።

ከዚያ ዓሊያ መጠየቋን ቀጠለች። ወለሉ ሴራሚክ ነው ወይስ ሲሚንቶ? ሴራሚክ ነው አልናት። ደፉ ከፍ ይላል? ብዙም አይልም። መብራት ይጠፋል? ሦስታችንም ሳቅን።

«ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ነው የሚኖረው?»

«ሁለት» አልክ አንተ።

«ሦስት» አልኩ እኔ።

እኩል ነው የተናገርነው። ዓሊያ አንዴ አንተን፣ አንዴ እኔን አየችና ፊቷ በራ። «ማሻአላህ! እንኳን ደስ ያላችሁ። ልጅ ሊመጣማ ከሆነ ዝምተኛውን ነው የምሰጣችሁ፤ ይሄኛው አይቀሰቅስም» አለች።

«ልጅ አይደለም፤ አባቴ ነው» አልኳት።

አንተ ተነሥተህ ጉልበትህን አራገፍክና ሌላ ቀን እንደምንመለስ ነገርካት። ከሳሪስ አቦ ወደ ገላን በሚኒባስ ተመለስን። ረዳቱ «ሂሳብ» ሲል የየራሳችንን ከፈልን። ከዚያ በፊት አድርገነው የማናውቀው ነገር ነበር።

ቤት ስንገባ ባዶው ክፍል በር ላይ ቆምክ። «አባትሽ በሰቃ ያለውን ቤታቸውን ጥለው ይመጣሉ ብዬ አስቤ አላውቅም» አልከኝ። «ዕድራቸው እዚያ፣ ጎረቤቶቻቸው እዚያ፣ ሁሉ ነገራቸው እዚያ ነው።»

«ደረቱስ? ዕድሜውን ሙሉ ወፍጮ ቤት የዱቄት ብናኝ ሲስብ የኖረ ሰው ነው። ትንፋሽ ሲያጥረው ማን አለው?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምድር ቤት ካልሆነ ያልኩት ለምን መስሎህ ነበር? ደረጃ መውጣት እንደማይችል አታውቅም?»

«እኔማ ውሃ ፎቅ ስለማይወጣ መስሎኝ!»

በዚያ ሁሉ መሀል መልስህ ሊያስቀኝ ነበር። እውነትህን ነው፣ ውሃ ፎቅ አይወጣም። እኔም አልነገርኩህም፤ ለኔ የሚነገር ነገር አልነበረም። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ያለኔ ማንም የለውም፣ እኔም ያለሱ። ነገ ፀሐይ ትወጣለች ብሎ ለእጮኛው የሚነግር አለ?

አንተ ግን ግድግዳውን ተደግፈህ መሬት ላይ ተቀመጥክና የማላውቀውን ነገርከኝ። «ትንቢት፣ እኔ እኮ ሰው እግር ሥር ተኝቼ ነው ያደግሁት። እርሻችን ከተወሰደብን በኋላ አጎቶቼ ከነልጆቻቸው እኛ ቤት ሲገቡ ሳሎኑም መተላለፊያውም አልጋ ሆነ። አንድ ቀን በሬን ዘግቼ ከሚስቴ ጋር ብቻ የምሆንበት ቤት ይኖረኛል እያልኩ ነው የኖርኩት። ይሄ ኃጢአት ነው?»

ኃጢአት አይደለም አልኩህ። ዛሬም አይደለም እልሃለሁ። አንድም ክፉ ቃል ሳይወጣህ ቁልፉን መስኮቱ ላይ አስቀመጥክ፤ «አንቺ ኑሪበት፤ አባትሽን አምጪያቸው» ብለህ ወጣህ። ሰው ስምህን በክፉ ሲያነሣ ይህን እነግረዋለሁ።

አባቴን ሳመጣው «በምን ተለያያችሁ?» አለኝ። መዋሸት አልችልበትም፤ «በመጥረጊያ» አልኩት። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አለና ራሱን ነቀነቀ። እስከ ዛሬ የዕቃ ጠብ ይመስለዋል። ምክንያቱ እሱ መሆኑን ካወቀ ግን ዕቃውን ሸክፎ በሰቃ ይመለሳል። በሰቃ ቤታችን ደግሞ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው፤ ብናኙ ይገድለዋል። አደራህን፣ ከአንተ አፍ እንዳይሰማ።

አሁን ወደ ሮቦቱ። አንተ የመረጥከውን ነው የገዛሁት፤ ጠፍጣፋውን፣ ዝምተኛውን፣ ካርታ የሚሥለውን። ልክ ነበርክ። አልጋ ሥር ይገባል፣ ጥግ አይተውም። ደፉ ላይ ሲደርስ አንዴ ያቅተዋል፣ ወደ ኋላ ይልና እንደገና ሞክሮ ይወጣል። መብራት ሲጠፋም በያዘው ባትሪ ሥራውን ይጨርሳል። አባቴ «ጎረምሳው» ይለዋል። «ያ ጎረምሳ ዛሬ አልተነሣም እንዴ?» እያለ ይጠይቀኛል። በመጀመሪያው ቀን ሆዱን ከፍቼ ያጠራቀመውን ሳሳየው ጎንበስ ብሎ አየውና «ይሄን ሁሉ ነው ስንምገው የከረምነው?» አለ።

ጎረምሳው ወደ ወንበሩ ሲመጣ አባቴ ሁለት እግሩን አንሥቶ አየር ላይ ይይዛል። «እለፍ፣ እለፍ» ይለዋል፤ ወፍጮ ቤት ሳለ የገበያተኛ አህያ በሩን ሲዘጋበት እንደዚያ ነበር የሚለው። መጀመሪያ ሳየው ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ግን እግሮቹን አየኋቸው። አንዱ ነጠላ ጫማ ጣቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ጎረምሳው እስኪያልፍ አያወርዳቸውም። ሳቄ ጠፋ። ይህን ነገር ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ።

አንተ በሰቃ ቤታችን ስትመጣ ነው ያየሁት። እስቲ አስታውስ። በሩን ስታንኳኳ አባቴ ሬዲዮኑን ይዘጋል። ከደህናው ወንበር ይነሣልሃል። «ተጫወቱ ልጆቼ፣ እኔ አንድ የማየው ጉዳይ አለኝ» ይልና ይወጣል። ምንም ጉዳይ አልነበረውም። ከአጥሩ ውጭ አቧራው መሀል ድንጋይ ላይ ይቀመጥና እስክትሄድ ይጠብቃል። ስሸኝህ በሌላ በኩል የማወጣህ ለዚህ ነበር፤ እንዳታየው፣ እሱም መታየቱን እንዳያውቅ።

«እችለዋለሁ» ብለሃል። አምንሃለሁ፤ ያልከውን የምትፈጽም ሰው ነህ። ከባድ ቃል አትናገረውም፣ ፊትህንም አታጠቁርበትም። አባቴ ግን እየተቻለ መሆኑን ሳምንት ሳይሞላ ያውቀዋል። ሳሎን ስትገባ መኝታ ቤት ይገባል፤ ሳሉ ሲመጣበት ትራስ ውስጥ ያፍነዋል። ለማሽን እግር ማንሣት ምንም አይደለም፤ ማሽኑ ያልፋል፣ እግርም ይወርዳል። ባል ግን ቤቱ ነው፣ አያልፍም። አንተም ብትሆን ያን ሁሉ ዘመን የተመኘኸውን በር ሳትዘጋው ልትቀር ነው፤ አንድ ቀን በኔ ላይ መክፋትህ አይቀርም፤ ብትከፋም አልፈርድብህም። ሁለታችሁንም እወዳችኋለሁ። አዎ፣ አንተንም። ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም። ስለምወዳችሁ ነው አንድ ጣሪያ ሥር የማላደርጋችሁ።

ይህን ሁሉ ምክንያት ያገኘሁት ግን በኋላ ነው። መልሱ ቀድሞ ከአፌ የወጣው ቅዳሜ ዓሊያ ሱቅ ውስጥ ነው።

ስገባ አላስታወሰችኝም፤ በቀን ስንቱን ታያለች። እንደ አዲስ ጀመረች። ወለሉ ሴራሚክ ነው? ነው። ደፉስ? ብዙም አይልም። መብራት ይጠፋል? ሳቅን፣ በዚህኛው ቀን እኔና እሷ ብቻ።

«ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ነው የሚኖረው?»

መልእክትህ ስልኬ ውስጥ ነበር። ስልኬ ደግሞ እጄ ላይ ነበር። «ሦስት» ብላት ማንም አይቃወመኝም፤ አሁን አንተም ሦስት ብለሃል። ተንበርክከህ የነበርክበትን ቦታ አየሁት። ዓሊያ ያልሰማኋት መስሏት ደግማ ጠየቀችኝ።

«ሁለት» አልኳት።

ያንተን መልስ ነው የሰጠኋት። እሷም ብልቃጧን አወጣችና ጤፉን ወለሉ ላይ በተነችው።

በርህን ዘግተህ የምትተኛበት ቤት፣ በሩንም ከውስጥ አብራህ የምትዘጋ ሰው ይስጥህ።

ትንቢት ቀናው
ገላን፣ ከምድር ቤቱ