ውሃው ይደፋል

ውድ እታለም፣

…ውሃውን ስትደፊ ግን ፊትሽን ወደ መስኮቱ ታዞሪ ነበር። እንፋሎቱ መነጽርሽን እንዳይሸፍነው ነው። ይህን ስንት ዓመት አይቼ ምክንያቱ የገባኝ ትናንት ነው። ስለ ድንች ብዙ አውቃለሁ የምል ሰውዬ፣ ድንች ሲቀቀል ቆሜ ያየሁት አንቺ ዘንድ ብቻ ነው።

ከዚህ ልጀምር። ሌላ መጀመሪያ ፈልጌ አጣሁ።

ሆስፒታሉ ማሽኑን ሊያስገባ ሲነሳ ደስ ያለሽ ለእኔ ብለሽ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ወጥ በሠራሽበት ወጥ ቤት ታናሽ ወንድምሽ ኮምፒውተር ታቅፎ ገባ። ለረዳቶችሽ «ይሄ ጩጬ የእኔ ነው፤ ድንቹን ከማሳ እስከ በሽተኛው ደም ድረስ ይከተለዋል አሉ» አልሻቸው። ሳቁብኝ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሥራዬን በዚህ መልክ ያስረዳልኝ ሰው አላገኘሁም። የማሳው መረጃ፣ የምግቡ መረጃና የሕመምተኛው መረጃ እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች ለየብቻ ተቀምጠው ነበር። እኔ አስተዋዋቂያቸው ነበርኩ። ይህ ድንች ያ ድንች ነው፣ በውስጡ ይህን ያህል ፖታሲየም አለ፣ ፖታሲየም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ልብ አደገኛ ነው እያልኩ አንዱን ከአንዱ አያይዛለሁ። የቀረውን ማሽኑ ራሱ አገናዝቦ በየጠዋቱ ለእያንዳንዱ አልጋ የምግብ ዝርዝር ያወጣል።

ሦስት ሳምንት አጠገብሽ ቆሜ ጻፍኩ። ለኩላሊት ታማሚዎች ድንቹን ትልጪና በስሱ ትቆርጪዋለሽ። ትቀቅይውና ውሃውን ትደፊያለሽ። በአዲስ ውሃ ትደግሚዋለሽ፤ ያንንም ትደፊያለሽ፤ ፖታሲየሙ ከውሃው ጋር ይወጣል።

«ውሃው ይደፋል። ሁለት ጊዜ። ጻፍከው?»

«ጻፍኩት፣ እታለም።»

«ማሽንህ ድንች ያውቅ ይሆናል፣ ድስት ግን አያውቅም። አደራ፣ ንገረው።»

ጽፌዋለሁ። ደብተሬ ላይ።

ማሽኑ ላይ ለአበሳሰል የነበረው ምርጫ ሦስት ነው፤ ጥሬ፣ የተቀቀለ፣ የተጠበሰ። ውሃው የት እንደ ደረሰ የሚጠይቅ ቦታ የለውም። አዲስ ቦታ መክፈት ይቻል ነበር፤ የሁለት ቀን ሥራ መስሎ ታየኝ። ዕለቱ ዓርብ ነው፣ ሰኞ ይመረቃል፣ ከፊቴ ገና ያልገባ አራት መቶ የምግብ ዓይነት ተደርድሯል። ላቦራቶሪው ከአንቺ ድስት ወስዶ የለካውን፣ ያንን ዝቅተኛውን ቁጥር፣ «የተቀቀለ ድንች» ከሚለው ፊት ለፊት አስገባሁና አለፍኩ። ሁልጊዜ የምትቀቅለው እታለም ናት ብዬ።

አይ፣ ይሄም ውሸት ነው። ምንም አላልኩም። ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ከዚያ ጉልበትሽን ታመምሽና የአሥር ቀን ፈቃድ ወሰድሽ። ከሌላ ክፍል የተላከችው ተተኪ ምን ታድርግ? ዝርዝሩ «የተቀቀለ ድንች፤ ለሰባት ቁጥር አልጋ ይስማማል» ይላል። ቀቀለች። አንዴ። ሰውየው ማኘክ ይከብደዋልና አዝና፣ ከነውሃው አድቅቃ ሰጠችው። ሦስት ቀን።

ሰባት ቁጥር ጡረታ የወጣው የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ሳህኑን ሲመልስ «ለወጥ ቤቷ ሚኒስትር ሰላምታዬን አድርሱልኝ» የሚለው። በአራተኛው ቀን ልቡ ቆመ። ሐኪሞቹ መለሱት፤ ንግግሩ ግን አብሮት አልተመለሰም።

ስብሰባው ላይ ከዘራ ይዘሽ መጣሽ። ዳይሬክተሩ አንገቱን ሳያቀና «ውሃው መደፋት እንዳለበት ለተተኪዋ ነግረዋታል?» አለሽ።

«ለእሷ አልነገርኩም። ለማሽኑ ግን ነግሬያለሁ» አልሽና ወደ እኔ ዞርሽ። ልክ ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ልትወስጂኝ ስትመጪ እንደምትዞሪው። አጥሩ ሥር ተቀምጬ ስታገኚኝ፣ «ስንቴ ልንገርህ፣ ሲሚንቶ ላይ አትቀመጥ፣ ብርድ ይገባሃል» እያልሽ።

ዳይሬክተሩም ወደ እኔ ዞረ።

«መዝገቡ ላይ የለም» አልኩ።

እውነት ነበር። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው እውነቶች ሁሉ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው እያደር ጠቆረ።

አንቺ አልተከራከርሽም። «ደብተርህን አውጣ» ብትይኝ ኖሮ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ይነካኝ ነበር። የመጋዘኑን ቁልፍ አስቀመጥሽ፣ የስንብቱን ወረቀት ፈረምሽ፣ ከዘራሽን አነሳሽ። ኮሪደሩ ላይ የከዘራሽ ኳኳታ ሲርቅ ቆጠርኩ። እስከ ሠላሳ አንድ። ከዚያ ዳይሬክተሩ ስለ መዝገብ አያያዜ አመሰገነኝ።

አምስት ወር ሆነው። ወጥ ቤቱ ውስጥ ስምሽ ሲነሳ «እሷማ ረስታው ነው» ይላሉ። እኔ እየሰማሁ እበላለሁ።

ከትናንት በስቲያ ማሽኑ ላይ አዲስ ቦታ ከፈትኩ፤ «ውሃው ተደፍቷል? ስንት ጊዜ?» የሚል። ሁለት ቀን አልፈጀም፣ እታለም። ግማሽ ቀን በቃው። ከምሳ በፊት ጨረስኩ፤ ከዚያ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ።

ዛሬ ጠዋት ደብተሩንና ጥፋቱ የእኔ መሆኑን የጻፍኩበትን ወረቀት ለዳይሬክተሩ ሰጠሁት። ገጹን ገለጠ። «ውሃው ይደፋል» በሚለው ሥር በእርሳስ ሁለት ጊዜ አስምሬያለሁ።

«እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» አለኝ።

«እዚሁ» አልኩት።

«ይሄን ካስገባሁት መመለሻ የለህም።»

«ያስገቡት።»

ስምሽን ያጸዱልሽ እንደሆነ አላውቅም። አስተማሪውን ግን ማንም አይመልሰውም፤ እሱን እንዳካክስልሽ አይደለም የምጽፈው። ከእነሱ ወረቀት በፊት ከእኔ እንድትሰሚው ብዬ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ መጣሁ። ሁለቴ አንኳኳሁ። የሬዲዮሽ ድምፅ ዝቅ አለ፣ የከፈተልኝ ግን የለም። ስለዚህ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ይህን ጉልበቴ ላይ እየጻፍኩ ነው። በበሩ ሥር እሰደዋለሁ። ብትቀጅውም ቃሌን ከዳይሬክተሩ ዘንድ አላነሳም፤ ቢጠሩኝም ያንኑ እደግማለሁ። ጉልበትሽን ጠብቂ።

ጩጬሽ

ወረቀቱን ላጥፍ ስል በሩ ተከፈተ። ቀና አላልኩም፤ ነጠላ ጫማሽንና ጉልበትሽ ላይ የተጠመጠመውን ፋሻ ብቻ ነው ያየሁት። በርጩማ አውጥተሽ አጠገቤ፣ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጥሽ። በሩ ተዘጋ።