ለማን እንደሄደ ያልተነገረው መቶ ብር

ጥቅምት 5 ቀን 2010

ሸዋ በር ገበያ ወርጄ ሁለት ሲም የሚወስድ ስልክ ገዛሁ። አንዱ ሲም ለራሴ፣ አንዱ ለአፎቻችን፣ ለሴቶች መረዳጃ ማኅበራችን። የሰፈራችን ሴቶች ለለቅሶና ለሠርግ የምናዋጣው ከእንግዲህ በሞባይል ነው። እስካሁን በጨርቅ ከረጢት ነበር። ሁላችንም እጃችንን እንከታለን፣ የሌላትም ባዶ እጇን። ማንም አያይም። ግን ዓምና ብሩ ጎደለና ማንን እንጠይቅ? አሁን የከፈለውም ያልከፈለውም ይታያል። ጸሐፊዋ እኔ፣ ጣጣውም የእኔ።

ኅዳር 12

ከአፎቻችን አባላት አንዷ ሳዳ መጣች። ባሏ ታሞ ከተኛ ስድስት ወሩ።

«ነጂባዬ፣ ከረጢቱ ይሸፍነኝ ነበር። ይሄ ስልክ ግን ያዋርደኛል።»

ቀና ብላ አላየችኝም። መቶ ብር በስልኳ ላኩላት፣ ራሷ በስሟ እንድትከፍል። ወላሂ ለማንም አልናገርም አልኳት።

ኅዳር 13

ጉድ ፈላ! ለካ የላክሁት ከአፎቻው ሲም ነው። ምን ነካኝ? ከራሴ መቶ ብር ወዲያው ተካሁ። መዝገቡ ግን አይጠፋ…

ታኅሣሥ 8

ሒሳብ ምርመራ። መቶ ብር ወጪ፣ በማግስቱ መቶ ብር ገቢ።

«ለማን ነው የሄደው?» ተባልኩ።

ሳዳ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች።

«ለራሴ ነው። ቸግሮኝ ወሰድኩ፣ መለስኩ» አልኩ።

ሰብሳቢያችን እማ ለይላ ስልኩን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ብዙ ቆዩበት። የሳዳን ስም እንዳዩ አወቅኩ።

«ገንዘቡ ተመልሷል» ብቻ አሉ።

ድምፅ ተሰጠ። ከጸሐፊነት ወረድኩ። የሳዳም እጅ ወጥቷል። ምን ታድርግ? ብቻዋን እጇን ብታስቀር ይጠረጥሯታል… ይገባኛል። ግን አመመኝ።

ታኅሣሥ 9

ምንም።

ጥር 6

ስብሰባ። ልቅር ብዬ ነበር፣ እማ ለይላ አስጠሩኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ድምሩ ለሁሉም ይነበባል። የከፋዮችን ስም የሚያዩት ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው፣ ምስጢር ሊጠብቁ ምለው። አንዷ እኔ። ሁለተኛዋ ነጂባ።»

ጫጫታ ሆነ።

«ብር የወሰደችው?» አለች አንዷ።

«አዎ፣ እሷው።»

ተነሥቼ ማልኩ።

ስወጣ ሁለት ሴቶች ሰላምታዬን አልመለሱም። ከፋኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። የሳዳን ጉዳይ ግን ከእማ ለይላ በቀር እስከ ዛሬ ማንም አላወቀም።