ያልተከፈተው ኮካ

መነንዬ፣

አሸነፍኩ! «ካዛንቺስ ሥጋ እስኪበስል የሚጠብቅ ሰው የለም» ብለሽኝ አልነበር? ይኸው ትናንት አጎቴ ጋሽ መዝገቡ ግቢ የበግ ታፋ በሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል ብረት ድስት ውስጥ ከተትኩና፣ ፍሙን በአመድ ዳፈን አድርጌ ከጠዋት ጀምሮ ሳይነድም ሳይጠፋም አቆየሁት። ደሴ ቢሆን የጦሳ ተራራ ብርድ ራሱ ሰዉን እሳት ዳር ያስቀምጠው ነበር። እዚህ ከአጥሩ ማዶ የታክሲ ረዳት «ኡራኤል! ኡራኤል!» ይጮኻል፤ ከአጥሩ ወዲህ ደግሞ ጋሼ ክዳኑን ልክፈት እያሉ ይመላለሳሉ። «ፍሬ፣ ሥጋ ነው የምትሠሪው ወይስ እንቁላል እያስፈለፈልሽ ነው?» ይሉኛል። ንቅንቅ አላልኩም።

የባሰው የወይኑ ነገር ነበር። ያን የመሰለ ቀይ ወይን ገዝቼ፣ እሳቸው እንደ ልማዳቸው ሊበርዙት ኮካ አጠገባቸው አስቀምጠው ጠበቁ። «መጀመሪያ እንዲሁ ከሥጋው ጋር ይቅመሱት፤ ካልጣመዎት ኮካውን እኔው እከፍትልዎታለሁ» አልኳቸው።

ሥጋው ቢላዋ ሳይነካው ከአጥንቱ ለቀቀ። ጎረሱ፣ ተጎነጩ። ከዚያ ባዶ ብርጭቆአቸውን ዘረጉልኝ። ኮካው እንደታሸገ አደረ!

የፖስታ ካርዱ ቦታ ሊያልቅብኝ ነው። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ወንድምሽን ናኦድንም ናፍቆኛል በይው። ይህን ስጽፍልሽ ጋሼ በአጥሩ ላይ ለጎረቤታቸው «ሥጋ እኮ ችኮላ አይወድም፤ ለፍሬም ያሳየኋት እኔ ነኝ» እያሉ ነው። በይ እስቲ፣ ከዚህ በላይ ማሸነፍ ካለ ንገሪኝ!

ፍሬሰላም