በአውሮፕላን የመጣሁ ቀን

አባዬ፣ ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት ገባ። እንደምን ነህ ብዬ እንዳልጠይቅህ መልስህ አይደርሰኝም፤ ሰላም ሳልልህም መጀመር አልችልበትም። ጤና ይስጥልኝ አባዬ።

እኛ ደህና ነን። ሱቁን ወንድሜ ይዞታል። ጨውና አቡጀዲውን ትቶ ጫማ ይሸጣል፤ ብታየው ትቆጣው ነበር፣ ግን ገበያው ቀንቶታል። እማዬ ጥቁር ልብሷን አላወለቀችም፤ ለምነናት ደክሞናል። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ አዲስ አበባ ሥራ ይዣለሁ፤ አሁን ለእረፍት ነቀምቴ መጥቼ ነው የምጽፍልህ። የአውሮፕላን ማረፊያው ታጥሮ ከብት መግባቱ ቀርቷል። አዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ይደረሳል እያለ ሰዉ ሁሉ ያወራል። ይህ ወሬ ሲነሳ እኔ ወጥቼ እሄዳለሁ። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንተ ልንገርህ።

ለነርስነት ትምህርት አዲስ አበባ ስትወስደኝ በጭነት መኪና ነበር የሄድነው። ጌዶ ላይ ጭቃ ይዞን ወርደን ገፋን፣ አምቦ አደርን፣ በማግስቱ ማታ ደረስን። እኔ ላለቅስ ደርሼ አንተ ትስቅ ነበር። ምናለ በአውሮፕላን ብንሄድ ብልህ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አልከኝ። ደግሞስ በአንድ ሰዓት የደረሰ ሰው ቤቱ ገብቶ ምን ያወራል ብለህ አሾፍክብኝ።

ከዚያ የአጎቴ ቴሌግራም መጣ። አባትሽን ትንሽ አሞታል፣ ልያት ብሏል፣ ቲኬት ስለተቆረጠልሽ በአውሮፕላን ነይ ይላል። አንተ ለአውሮፕላን ገንዘብ ልታወጣ! ሌላ ሰው ቢሆን ይጠረጥር ነበር፤ እኔ ግን በመጨረሻ አባቴን አሸነፍኩት ብዬ ደስ አለኝ። ስደርስ ምን ብዬ እንደምቀልድብህ እያሰብኩ መጣሁ። ያ የለፋንበት መንገድ ከታች እንደ ክር ቀጥኖ ሳየው ብቻዬን ሳቅሁ።

ነቀምቴ ስንደርስ ከብቶቹ ከሜዳው እስኪባረሩ አውሮፕላኑ ከተማውን ዞረ። ገበያውን ለየሁት፤ ከዚያ ቤታችንን ፈለግሁ። ሰፈራችን ውስጥ ነጭ ድንኳን ተተክሏል። ሳይነግሩኝ ማን ሊዳር ነው አልኩ በልቤ።

አጎቴና ሽማግሌዎቹ እሱ ቤት አሳድረው ንጋት ላይ ሊያረዱኝ ተማክረው ነበር። የመርዶ ወጉ ነውና አልፈርድባቸውም። ድንኳኑን ከላይ ታየዋለች ብሎ ግን ማን ያስባል? ከአውሮፕላኑ ወርጄ ሊቀበለኝ የመጣውን አጎቴን ገና እንደሳምኩት፣ ሰፈራችን ያለው የማን ሠርግ ነው አልኩት። አጎቴ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። አብራው የመጣችው ጎረቤታችን ጫልቱ አይዞሽ፣ ጀባዹ ኢንተላ ኮ፣ በርቺ ልጄ እያለች አቀፈችኝ። ሌላ ነገር የነገረኝ የለም፤ አላስፈለገም። ለካ ቲኬቱ ሲቆረጥ አንተ ተቀብረሃል።

ሐዘኑ አልበረደልኝም አባዬ። ቀን በሥራ እረሳዋለሁ፣ የአውሮፕላን ድምፅ ስሰማ ግን እንደገና ይጀምረኛል። እዚያ ላይ ሆኜ ስስቅ፣ ለእኔ አንተ በሕይወት ነበርክ፤ ትንሽ አሞህ፣ በር በሩን እያየህ ትጠብቀኝ ነበር። አሁን ስመላለስ በአውቶቡስ ነው፤ ወንድሜ ገንዘብ ሰሰተች ይለኛል፤ ይበል። እኔ እስካለሁ፣ በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ስምህን እያነሳሁ አልፋለሁ።

ሰዉ አውሮፕላን መንገድ አሳጠረልን ይላል። እኔ ያን ቀን በጭነት መኪና መጥቼ ቢሆን ኖሮ፣ አባዬ፣ ሁለት ቀን ትኖርልኝ ነበር።