በመዶሻ ጋኔን ለሚያወጡት ለወንድም ሳህሌ

ለተከበሩ ወንድም ሳህሌ
የቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ጉባኤ ሰብሳቢ
ሎረንስቪል

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ቅንድብዎ በቅሎልዎታል? የቀኝ እጅዎ ቃጠሎስ ጠገገ? ከበረዶው ወዲህ የትልቁ ቤትዎ መብራትና ማሞቂያ ተመልሶ፣ ቤተሰብዎ ሁሉ ሞቆት እንደሚያድር ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ አክስትዎን እትዬ ፀሐይነሽን ከቀበርን ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀናችን ስለሆነ ብቻ እንቅልፍ ትንሽ አስቸግሮኛል።

ይህን ደብዳቤ በግል ላደርስልዎ አስቤ ነበር። ነገር ግን እርስዎ ሳጥኔን የሰባበሩልኝ በሦስት መቶ ሰው ፊት ስለሆነ፣ ምስጋናዬም በዚያው ልክ በአደባባይ መሆን አለበት ብዬ ለምእመናኑ በሙሉ ልኬዋለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ከሥሩ ላስረዳ። እኔ ፒችትሪ ኮርነርስ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ የምሠራ የነርስ ረዳት ነኝ። አምና በዐውሎ ነፋስ ምክንያት የስልክ ኔትወርክ ሁለት ቀን ሲጠፋብን፣ ከኢንተርኔት ሁለት ትንንሽ የሬዲዮ ሰሌዳዎች አዘዝኩ፤ የሁለቱ ዋጋ ተደምሮ ለአንድ ቤተሰብ ክትፎ አይበቃም። ሰው ከስልኩ አጭር መልእክት ይጽፋል፤ ሰሌዳው የታሸገበት አንዱ ሳጥን በሬዲዮ ሰምቶ ለቀጣዩ ያቀብላል፣ ቀጣዩም ለሌላው። የቴሌፎን ኩባንያ የለበትም፣ የወር ክፍያ የለበትም። አንዷን የንጥር ቅቤ ማስቀመጫ በነበረ ፕላስቲክ ውስጥ አሽጌ፣ ከአትክልት መብራት የነቀልኩትን የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያ ለጠፍኩባት። ኤርኮንዲሽን የሚጠግነው ወንድማችን ኤልቃናም ፓስተሩን አስፈቅዶ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ላይ ሰቀላት። ሌሎችም እያዘዝኩ ስጨምር፣ በአራት ወር ውስጥ አሥራ ሁለት ቤት ሳጥን ገባ። አብዛኞቹ ብቻቸውን የሚኖሩ ሕመምተኞች ናቸው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ «በማን ፈቃድ ነው?» ብለው ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። እነዚህ ትንንሽ ሳጥኖች ፈቃድ እንደማይጠይቁ ባስረዳዎም ስላልረኩ፣ በሃምሳ አራት ዓመቴ መጽሐፍ ገልጬ፣ ሠላሳ አምስት ጥያቄ ተፈትኜ፣ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አወጣሁ። ወረቀቱን ሳመጣልዎ አገላብጠው አዩና፣ መንግሥት ለእያንዳንዱ ሬዲዮኛ የሚሰጠውን የፊደልና የቁጥር መጠሪያ የመንፈስ ስም ነው አሉ። አጋንንት ዋሽንግተን ላይ መዝገብ እንደሚከፈትላቸው እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበርና ስላስተማሩኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፤ የኅዳሩን እሑድ ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። ሳጥኗን ከጣሪያ አስወርደው፣ መድረክ ላይ ነጭ ፎጣ አንጥፈው፣ ዘይት አፍስሰውባት፣ ከአንድ ጋራዥ ያስመጡትን መዶሻ አነሡ። ውስጧ ያለው ባትሪ ሊቲየም ነው፣ ሲመቱት ይፈነዳል ብዬ ከአራተኛው ረድፍ ጮኼ ነበር። እርስዎ ግን ጋኔኑ በሴት አፍ እየለመነኝ ነው ብለው መቱ። በመጀመሪያው ምት ክዳኗ ተሰነጠቀ፣ በሁለተኛው አንቴናዋ ተቆረጠ፣ በሦስተኛው ባትሪው አፏጨና ነጭ ጢስ ተፍቶ እሳት ሆነ። ፎጣው ነደደ፤ ቅንድብዎ ነደደ፤ መዘምራኑ ተረጋግጠው ወጡ። እርስዎም ቅንድብ በሌለው ፊትዎ ወደ ጢሱ እያመለከቱ «ሲወጣ አያችሁት?» አሉ፤ ግማሹ ሕዝብ አሜን አለ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

እኔን ሁለት የቤተ ክርስቲያኑ አስተናጋጆች ክንዴን ወደ ኋላ ጠምዝዘው እስከ መኪና ማቆሚያው ጎተቱኝ። ትከሻዬ ዛሬም ሕመምተኛ ባነሣሁ ቁጥር እንባ ያመጣብኛል። ኤልቃና ሊያስጥለኝ ሲገባ በብረት ወንበር ግንባሩን ፈነከቱት፤ ሰባት ቦታ ተሰፋ። የእርሱ ደም ሳይደርቅ የምንጣፍ ማጽጃ ስላስመጡ፣ ለንጽሕና ያለዎት ትጋት የሚደነቅ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ዕለት መዶሻውን ነጥቄ አናትዎ ላይ ባሳርፈው ደስ ባለኝ ነበር። አልተመኘሁም ብል ውሸት ነው።

ሦስተኛ፤ ምክንያትዎን ለመረዳት ብዙ ደክሜያለሁ። ሳጥኗ ጸሎታችንን ትሰልላለች አሉ፤ ጨረሯ መካን ታደርጋለች አሉ፤ ቅቤ ቅቤ መሽተቷንም እንደ ማስረጃ አቀረቡ። ኋላ ግን ገባኝ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ሰንሰለት መነሻው የእርስዎ ስልክ ነው። ማን ታመመ፣ ማን ከሥራ ወጣ፣ የማን ልጅ ታሰረ፣ መጀመሪያ እርስዎ ያውቃሉ፤ ለእኛ የሚተርፈውን ከዚያ መርጠው ያካፍሉናል። ሳጥኖቹ ደግሞ ሰብሳቢ የላቸውም። የታመመ ሰው «ታመምኩ» ሲል አሥራ ሁለት ቤት እኩል ይሰማል። ጣሪያ ላይ ያለችውም ብትሆን ቁመት እንጂ ሥልጣን አልነበራትም። እርስዎ በዚያ መዶሻ የመቱት ይህንን ነው፤ ጋኔኑ ሰበብ ነበር።

አራተኛውን ስጽፍ ትሕትናዬ ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ። እትዬ ፀሐይነሽ እናትዎ ከሞቱ በኋላ ከአምስት ዓመትዎ ጀምሮ ያሳደጉዎ አክስትዎ ነበሩ። ከኮረብታው ማዶ ስኮትዴል በአንድ አፓርትመንት ብቻቸውን፣ በኦክስጅን ማሽን ነበር የሚኖሩት። ማሽኑ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፤ መብራት ከጠፋ ያለቻቸው አንዲት መጠባበቂያ ሲሊንደር ለስድስት ሰዓት ትበቃለች። ሁለተኛዋን ሳጥን ከማንም በፊት ለእርሳቸው የሰጠሁት ለዚህ ነው። ከስኮትዴል የሚነሣ ቃል ግን በቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ካላለፈ ከኮረብታው ወዲህ ወደ እኔ አይሻገርም። የእርስዎ መዶሻ ከሠራ በኋላ በረንዳዬ ላይ ሌላ ሰቅዬ ሞክሬ ነበር፤ ኮረብታው ጋረደኝ። የጣሪያውን በር ቁልፍ ሁለት ጊዜ ለመንኩዎ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጸልዪበት አሉኝ።

በጥር የበረዶ ዝናብ ይመጣል ሲባል ዓርብ ዕለት ስለ እትዬ ፀሐይነሽ ደወልኩልዎ። «ቅዳሜ ጠዋት እኔው ራሴ ሄጄ ወደ ቤቴ አመጣቸዋለሁ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ አንቺ አትግቢበት» አሉኝ። አልገባሁበትም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ እስክሞት ይዤው እሄዳለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እርስዎ የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ነበሩ። አጀንዳው በየቤቱ የቀሩት ሳጥኖች ተለቅመው የሚቃጠሉበት ቀን ነበር። ስብሰባው ሲያልቅ መንገዱ መስታወት ሆኖ ነበርና ወደ ቤትዎ ቀስ ብለው ገቡ። ከሰዓት በኋላ ዛፎቹ በኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ ይወድቁ ጀመር፤ መብራት ሄደ፣ የስልኩም ኔትወርክ ተከተለ። እኔ እትዬ ፀሐይነሽ በእርስዎ ሳሎን ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ነው ብዬ፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳቸውን የኦክስጅን ሲሊንደሮች በኤልቃና መኪና ጭነን፣ ጎማው ላይ ሰንሰለት አስረን፣ ለሌሎች ሁለት ሕመምተኞች አደረስን። አንዱ ሲሊንደር ሳይነካ ተመለሰ። ስኮትዴል ለመድረስ አንድ ሰዓት ይበቃን ነበር።

ሰኞ ዕለት የአፓርትመንታቸው በር ሲሰበር እትዬ ፀሐይነሽ በሩ ሥር ነበሩ። መቀርቀሪያውን ለመክፈት አቅም አንሷቸው እንጨቱን በጥፍራቸው ቧጥጠውታል፤ ሁለት ጥፍራቸው ተነቅሏል። ሰው ታፍኖ ሲሞት ሰላማዊ እንቅልፍ እንዳይመስልዎ። እኔ ሥራዬ ነውና ብዙ አይቻለሁ። የከንፈራቸውን ቀለም እዚህ አልጽፈውም። እርስዎ ራስዎ ቀርበው ማየት ሲገባዎ ኮሪደር ላይ ቆመው ስልክ ያወሩ ነበር።

አምስተኛ፤ በቀብሩ ላይ ጌታ በራሱ ጊዜ ሰበሰባት ብለው ስላጽናኑን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጌታ በኅዳሩ እሑድ መዶሻ እንዳልያዘ ግን አውቃለሁ። ያመጡት የአበባ ጉንጉን ከሁሉ ይበልጥ ትልቅ ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አሁን ደግሞ በመጪው እሑድ የቀሩት አሥራ አንድ ሳጥኖች ተሰብስበው በመኪና ማቆሚያው ላይ እንዲቃጠሉ አስነግረዋል። እባክዎ የእኔን ትሑት አሳብ ይስሙ። አሥራ አንዱም ቤት ውስጥ ሰው አለ። ኢንሱሊን የሚወጋ አለ፣ ኩላሊቱን የሚያሳጥብ አለ፣ ወድቆ መነሣት የማይችል አለ። ቅዳሜ ጠዋት ኤልቃና መሰላሉን ያመጣል፤ እኔ አዲሷን ሳጥን አመጣለሁ፤ የጣሪያው ቁልፍ ካልተሰጠን በውጭ ግድግዳ እንወጣለን። መዶሻዎን ይዘው ቢመጡ ደስታችን ነው። ይህን ጊዜ ግን ክንዴን የሚይዙ አስተናጋጆች አስቀድመው የሕክምና መድን ይግቡ። ባትሪ አንድ ጊዜ ይፈነዳል፤ እኔ ስንት ጊዜ እንደምፈነዳ አላውቅም።

ስለ አገልግሎትዎ፣ ስለ ቅንዓትዎ፣ ሁሉን አስቀድመው ስለማወቅዎ እጅ ነሥቼ፣ የተጠመዘዘ ትከሻዬ በሚፈቅደው መጠን ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
ልዕልት አሸብር
ፒችትሪ ኮርነርስ

ማስታወሻ፤ ልጅዎ ሩሐማ ባለፈው ሳምንት የእትዬ ፀሐይነሽን ስልክ ይዛ ቤቴ መጥታ ነበር። «ልዕልት፣ ይሄን ዳዲ ካላየው እኔ አላርፍም» አለችኝና አብረን ከፈትነው። ያን ቅዳሜ አራት መልእክት ጽፈዋል፤ በአራቱም ሥር «አልደረሰም» ይላል። ሁለቱ እኔን የሚጠሩ ናቸው። የመጨረሻው ስሜ ብቻ ነው፣ እርሱም አላለቀም። ከሁሉ አስቀድሞ የተጻፈው ስለ እርስዎ ነው፤ እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ «ሳህሌ መጥቼ እወስድሻለሁ ብሎኛል። መንገዱ በረዶ ነው፣ ልጄ ይሞትብኛል። እንዳይነዳ ንገሩልኝ።» መልእክቱ ባይደርስዎም ታዝዘዋል።